የቂሜ ማኅበር

ስሟ ሌላ ነው፤ ግን በስሟ የሚጠራት የለም። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች እናቷ «ቂሜ» አሏት፣ እሱው ጸንቶ ቀረ። ለምን እንዲህ እንዳሏት የሚጠይቅ እንግዳ ከመጣ እናትየው ሳቃቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል። ታላቅ ወንድሟ አሻንጉሊቷን ሰበረባትና ሳይቆነጠጥ፣ ሳይገሠጽ ታለፈ። ሌላ ልጅ ቢሆን ያለቅሳል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል። እሷ ዝም አለች። ነገሩ ተረስቶ ከከረመ በኋላ፣ ወንድምየው አዲስ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከጓደኞቹ ጋር ፎቶ ሊነሣ ሲል፣ ከኋላው ቀስ ብላ መጥታ የጫማ ቀለም የተቀባ መዳፏን ጀርባው ላይ አተመችበት።

«ይቺ ልጅ አትጮህም፣ ታስቀምጣለች» አሉ እናቷ ያን ቀን።

አድጋም አልተለወጠችም። ባሏ የቤት ቀለም ቀቢ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው። ሲጣሉ መጀመሪያ የሚጠይቃት «ዛሬውኑ ትቆጪኛለሽ ወይስ ታስቀምጪልኛለሽ?» ብሎ ነው። «ዛሬውኑ» ካለችው እፎይ ይላል።

የምትሠራው አየር ማረፊያ ውስጥ ነበር፤ ቼክ ኢን ካውንተር ላይ። ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ አንገት ላይ ቀይ ሻርፕ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ፣ ፊት ላይ ደግሞ ፈረቃው እስኪያልቅ የማይወርድ ሳቅ። ሻንጣ ትመዝናለች፣ መድረሻው የተጻፈበትን ታግ ታስርበታለች፣ ቦርዲንግ ፓስ ትሰጣለች፤ አውሮፕላን ሲዘገይ ደግሞ እሷ ያዘገየችው ይመስል ትሰደባለች። ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። መንገደኛ ቢጮህባት ቂም አትይዝበትም። «የቸኮለ ሰው ምን ያድርግ፣ እኔም ብሆን እጮሃለሁ» ብላ ቀጣዩን ትጠራለች። የምታስቀምጠው አውቆ፣ አስቦ፣ ተረጋግቶ ለሚበድላት ነበር።

እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ እዚያው ነበረላት። የአየር መንገዱን የዚያ ጣቢያ ማናጀር ሠራተኞቹ ከጀርባው «አቶ ፈገግታ» ይሉታል። ራሱ ሲስቅ ታይቶ አይታወቅም፤ ሌላው እንዲስቅ ግን በየካውንተሩ ይዞራል። ፊቷ ላይ ድካም ያየባት ሴት ፊት ቆሞ የራሱን ጉንጭ በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። «ጥርስሽን ላየው» ማለቱ ነው።

አንድ ቀን ጉም መሬት ነክቶ ዋለ። አውሮፕላን አልወረደም፣ አልተነሣም። አዳራሹ በሰውና በሻንጣ ጢም ብሎ ሞላ። ኮምፒውተሩ ጭምር ሥራ አቆመ። ቂሜ «ትንሽ ይታገሡን» እያለች ድምጿ ሊዘጋ ደረሰ። በዚህ መሐል አንድ የቆዳ ካፖርት የለበሰ ወፍራም ሰውዬ ሰልፉን ጥሶ መጣና ፓስፖርቱን ፊቷ ላይ ወረወረው።

«አሁኑኑ አሳፍሪኝ!»

«ጌታዬ፣ አውሮፕላኑ ገና አልመጣም። እንደመጣ—»

ሰውዬው ተናግራ እስክትጨርስ አልጠበቀም። እጁን በካውንተሩ ላይ ዘርግቶ ሻርፗን ያዘና ወደራሱ ሳባት። ሻርፑ አንገቷ ላይ ጠበቀ። ትንፋሽ አጠራት። በሁለት እጇ ጣቶቹን ፈልቅቃ፣ ከደረቷ በወጣ ድምፅ «እጅዎን ከላዬ ያንሱ!» ብላ ጮኸች። ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ እሷ ዞረ።

ከጎኗ ያለው ካውንተር ላይ የምትቆመው የልብ ጓደኛዋ ነበረች። ካውንተራቸው ጎን ለጎን ስለሆነ «ጎረቤቴ» ነው የሚባባሉት። ቂሜ ዞር ብላ አየቻት። ጎረቤቴ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ ነበር። ከእሷ ወዲያ ያሉት ባልደረቦቿም እንደዚያው። አንድም ቀና ያለ የለም።

አቶ ፈገግታ እየሮጠ መጣ። ወደ ቂሜ አንገት ዞር ብሎም አላየ። የሰውዬውን ክንድ በትሕትና ይዞ ወደ ክብር እንግዶች ማረፊያ ወሰደው። ትንሽ ቆይቶ እሷም ተጠራች። ስትገባ ሰውዬው ለስላሳ ሶፋ ላይ ተንሰራፍቶ ስኒ ውስጥ ስኳር እያማሰለ ነበር።

«ይቅርታ ጠይቂያቸው» አላት ማናጀሩ።

«አንቆ የያዘኝ እኮ እሳቸው ናቸው።»

«ይቅርታ ጠይቂ አልኩሽ።»

የቤቷ ኪራይ ትዝ አላት። ባሏ በዚያ ሰሞን ሥራ ቀዝቅዞበት ነበር። «ይቅርታ ጌታዬ» አለች።

«እንደሱ አይደለም። ጎንበስ በይ፤ ፊትሽን ደግሞ ፈታ አድርጊው።»

ጎንበስ ብላ ደገመችው። ማናጀሩ ጉንጩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ለሦስተኛ ጊዜ፣ እየሳቀች ደገመችው። ሰውዬው ከስኒው ቀና ሳይል ዝንብ እንደሚያባርር ሁሉ እጁን አወዛወዘና «ይበቃል፣ ትሂድልኝ» አለ።

ማናጀሩ ኮሪደሩ ላይ ተከትሏት ወጣ። «ከነገ ጀምሮ ታች፣ ጠፍተው የተገኙ ሻንጣዎች ክፍል ትሠሪያለሽ። ያንቺ ፊት ለመንገደኛ አይሆንም።»

ያን ዕለት ማታ ባሏ አንገቷ ላይ የቀረውን ቀይ መስመር አየ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሻርፑ ጠብቆብኝ ነው።»

ዓይኗን ትክ ብሎ አየና «አሃ፣ ይሄኛው የሚቀመጥ ነው» አላት። ከዚያ በላይ አልጠየቃትም፤ ያውቃታል።

የሻንጣው ክፍል ከመሬት በታች ነው። መስኮት የለውም። ባለቤት ያጡ ሻንጣዎች እስከ ጣራው ተደርድረዋል፤ ከግድግዳው ወዲያ ሻንጣ የሚያመላልሰው ቀበቶ ቀኑን ሙሉ ያጓራል። ቂሜ እዚያ ተቀምጣ ሁለት ነገር ታኝካለች። አንዱ የማናጀሩ ጣት ነው፣ ያ ጉንጩን የሚመታው። ሌላው የጓደኞቿ ያጎነበሰ አንገት። የትኛው የበለጠ እንደሚያቃጥላት ራሷም አታውቅም ነበር።

አንድ ማለዳ ዕድል በእግሩ መጣላት። አቶ ፈገግታ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሊሄድ ነው፤ ጣቢያው በመስተንግዶ አንደኛ ወጥቶ እሱ ሽልማት ሊቀበል። ቂሜ ከክፍሏ ወጣ ስትል ሻንጣው በቀበቶው ላይ መጣ፤ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ስሙ በትልቁ የተጻፈበት። ውስጡ ለሽልማቱ ያሰፋው ሱፍ እንዳለ ጣቢያው በሙሉ ያውቃል፤ ለሳምንት ሲያወራለት ነበር። ቂሜ ግራና ቀኝ አየች። ታጉን በጠሰችና ሌላ አሰረችለት። ሻንጣው ባሕር ተሻግሮ፣ ማናጀሩ ካርታ ላይ እንኳ አግኝቶት ወደማያውቅ ከተማ በረረ።

አቶ ፈገግታ ሽልማቱን የተቀበለው በተጨማደደ ቲሸርትና ጉልበቱ በለቀቀ ሱሪ ነው። ፎቶው ዋናው መሥሪያ ቤት ላይ ተነሥቶ ለየጣቢያው ተላከ፤ የእነሱም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ቂሜ ፎቶውን አይታ ወደ ምድር ቤቷ ወረደችና በሩን ዘግታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ያን ዕለት ምግብ ጣማት።

ደስታዋ አልሰነበተም። ማናጀሩ እንደተመለሰ፣ በዚያ ማለዳ ቀበቶው ላይ ፈረቃ የነበረውን ጫኝ ባጁን ነጥቆ ከሥራ አገደው። ጓደኞቹ «ቀጭኑ» የሚሉት፣ ሻንጣ ሲያነሣ ሻንጣው እሱን ያነሣው የሚመስል፣ ማንንም አስቀይሞ የማያውቅ ልጅ። ቂሜ ይህን ስትሰማ ከወንበሯ ተነሣች። ብድሯን የመለሰችው በማን ላይ ሆነ? ሄጄ እናገራለሁ፣ የመጣው ይምጣ ብላ ደረጃውን ወጣች።

የማናጀሩ ቢሮ ግድግዳው መስታወት ነው። በሩ ጋ ስትደርስ ያየችው ነገር እግሯን አሰረው። አቶ ፈገግታ ቆሟል። ተነሥቶ ቆሟል! በገዛ እጁ ወንበር እየሳበ ነው። ፊት ለፊቱ የሻንጣ ጫኞቹ የሠራተኛ ማኅበር ተጠሪ አሉ፤ አቧራ የጠጣ ቱታ የለበሱ፣ ድምፃቸው የሻከረ፣ ሁሉም «ጋሽ ጎርናና» የሚላቸው ትልቅ ሰው። ወንበሩን አላዩትም። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ድምፃቸው ይወጣል።

«ማስረጃ ካለህ አውጣ። ከሌለህ ልጁን መልስ። ካልመለስከው የማታዎቹን በረራዎች ሻንጣ አንተው ትጭናቸዋለህ፤ እኛ ቁጭ ብለን እናይሃለን።»

«እንነጋገር እንጂ፣ ምን ጠብ ያስፈልጋል…» አለ ማናጀሩ። ያንን ድምፅ ቂሜ ሰምታው አታውቅም። ለስለስ ያለ፣ የሚለማመጥ። የመጀመሪያው የማታ በረራ ሳይደርስ ቀጭኑ ባጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተመለሰ።

ቂሜ ጋሽ ጎርናናን የሠራተኞች ሰርቪስ የሚቆምበት ቦታ ላይ ጠብቃ ያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ ሻንጣውን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምን አልሽ?»

ከጉሙ ቀን ጀምራ ሁሉንም ነገረቻቸው። እስክትጨርስ አላቋረጧትም። ሲናገሩ ግን አላዘኑላትም።

«በዚያ ልጅ እንጀራ ነው የተጫወትሽው። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ልናገር ስወጣ ነው እርስዎን ያየሁት። ግን ልጠይቅዎት፤ ለምንድን ነው እንደዚያ የፈራዎት?»

«እኔን? እኔ ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ ነኝ፣ ምን ያስፈራዋል! የፈራው ከኋላዬ ያሉትን ነው። አንዳችንን ሲነካ ሁላችንም እጃችንን እናጥፋለን።»

«እኛስ? ካውንተር ላይ ያለነውስ?»

ጋሽ ጎርናና ከት ብለው ሳቁ። «እናንተማ የቢሮ ሰዎች ናችሁ! ስንቴ ጠራናችሁ? ‹ማኅበር የጫኝ ነገር ነው› ነው ያላችሁን። ሻርፕ ስላሰሩላችሁ ሠራተኛ አይደለንም ብላችሁ ቁጭ።»

እውነታቸውን ነው።

«ብንገባ ምን ይሆናል?»

«ከግማሽ በላይ ከፈረማችሁ፣ ወደደም ጠላም ከእናንተ ጋር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።»

«መቀመጡ ይከፋዋል?»

«ይመረዋል እንጂ!»

«እንግዲያው እገባለሁ» አለች ቂሜ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መጀመሪያ ለልጁ ራስሽ ንገሪው። ከዚያ ጓደኞችሽን አምጪያቸው።»

ለቀጭኑ ነገረችው። አልተሳደበም፣ አልጮኸም። ዓይኗን አይቶ ኮፍያውን አደረገና ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁሉንም በየስሙ ሰላም ሲል እሷን ዘሏት ያልፋል። ቂሜ አልተቀየመችም። ለባሏ ስትነግረው «እሱም ያስቀምጣል ማለት ነው፤ ምን እላለሁ» አለች።

ጓደኞቿን ማምጣት ግን ሌላ ነገር ነበር። ያኔ አንገታቸውን የደፉባትን ሰዎች መለመን ሆነባት። ከጎረቤቴ ጀመረች። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ ጎረቤቴ ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ስታሽ፣ አጠገቧ ተቀመጠች። ከጉሙ ቀን ወዲህ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም።

«የዚያን ቀን ምን እያየሽ ነበር?» አለቻት።

ጎረቤቴ የትኛው ቀን ብላ አልጠየቀችም። «ስክሪኑን።»

«ስክሪኑ ላይ ምን ነበር?»

ጎረቤቴ እግሯን ማሸት አቆመች። «ምንም። ጠፍቶ ነበር። ጥቁር ነበር።»

ጎረቤቴ ማልቀስ ጀመረች። ቂሜ አላቀፈቻትም፣ እንባዋንም አልጠረገችላትም። እስክታበቃ ጠበቀችና እስክሪብቶ አውጥታ ሰጠቻት። «እንባሽ ለእኔ ምንም አያደርግልኝም። ፈርሚልኝ።» ጎረቤቴ ፈረመች። የመጀመሪያዋ እሷ ሆነች።

ቂሜ እንደሌሎች ማኅበረኞች ስለ መብትና ስለ ደንብ አታወራም ነበር። በሰርቪሱ ውስጥ፣ በመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት፣ ሲጋራ በሚጨስበት ጥግ፣ ሰው ጠጋ ትልና አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች፤ «ይሄ ማናጀራችን ከሠራብሽ የማትረሺው የትኛውን ነው?» የሌለው አልነበረም። የመሳፈሪያ በር ላይ የምትሠራዋ ነፍሰ ጡር «ለዓይን አያምርም» ተብሎ ወንበሯ ተወስዶባታል። ስልክ የሚያነሣው ልጅ እናቱ ሆስፒታል በገባች ቀን «ድምፅህ አዘነብኝ» ተብሎ ተገሥጿል። አንደኛዋ፣ ከአፏ ጸሎት የማይለይ ሴት፣ «እኔ ለፈጣሪ ትቼዋለሁ» አለቻት።

«አንቺ ለፈጣሪ ተዪው» አለች ቂሜ፣ «ፊርማሽን ግን ለእኔ ስጪኝ።»

ሴትዮዋ እየሳቀች ፈረመች።

ጋሽ ጎርናና ይህ አካሄዷ አልጣማቸውም። «በቂም የሰበሰብሻቸው ሰዎች ቂማቸው የወጣ ቀን ወደየቤታቸው ይበተኑብሻል» አሏት።

«ጋሼ፣ የእኔ ቂም እንዲህ በዋዛ አይወጣም፤ አይስጉ» ብላ መለሰችላቸው።

ወሬው ማናጀሩ ጆሮ ደረሰ። ማን እንዳደረሰው ሁሉም የገመተው አንድ ነው፤ «ሽቶ» የምትባለውን። ፀጉሯ የማይዛነፍ፣ ስታልፍ ጠረኗ ከኋላዋ የሚቀር፣ አቶ ፈገግታ ለሌሎቹ «እንደሷ ሳቁ» እያለ የሚያሳያት ሴት ነበረች። ማናጀሩ ቂሜን ቢሮው ጠራት። ያን ዕለት «ተቀመጪ» አላት።

«ወደ ላይ ልመልስሽ አስቤያለሁ። በካውንተር ብቻ አይደለም፤ በሱፐርቫይዘርነት። ነገሩ ያኔ በችኮላ ሆነ።»

«ላስብበት» አለች ቂሜ። አታስብበትም ነበር። በተስፋ እንዲሰነብት ፈልጋ ነው። በየቀኑ ወደ ምድር ቤቱ እየወረደ «እህስ፣ አሰብሽበት?» ሲላት፣ እሷ «ገና ነኝ፣ ገና ነኝ» ስትል፣ የሚውጠውን ምራቅ ማየት ደስ ይላት ነበር።

ሲሰለቸው ሠራተኛውን ሁሉ በመሰብሰቢያው አዳራሽ ጠራ። ትልቅ ኬክ ተቆረሰ። አቶ ፈገግታ ማይክ ይዞ፣ «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» አለ። «በቤተሰብ መሐል ሦስተኛ ወገን ምን ይሠራል? ችግር ያለው በሬን ያንኳኳ። ይኸው እህታችሁም» ብሎ ወደ ቂሜ አመለከተ፣ «ነገ ሱፐርቫይዘር ሆና ትመለሳለች። ተነሺና ንገሪያቸው እስቲ።»

ቂሜ ተነሣች። ማይኩን አልተቀበለችም።

«የጉሙን ቀን ሁላችሁም ነበራችሁ» አለች። «ሻርፔን ሲስበኝ ሰምታችኋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አላያችሁም። ላሳያችሁ።»

ወደ መሐል ወጣች። አንድ ባዶ ወንበር ፊቷ ላይ አስቀመጠችና ለወንበሩ ጎንበስ አለች። «ይቅርታ ጌታዬ።» ቀና ብላ የራሷን ጉንጭ በጣቷ መታ መታ አደረገች፤ ሁሉም ጣቷን አወቀው። እንደገና ጎንበስ። «ይቅርታ ጌታዬ።» እንደገና ጣቷ። ሦስተኛው ላይ ጥርሷን ሁሉ አሳይታ ሳቀች፤ ያ ሳቅ የሰው ፊት ላይ ሊታይ የማይገባ ነገር ነበር። ኬክ የያዘው ሰው ሁሉ ሳህኑን ዝቅ አደረገ።

«ይበቃል! ውሸት ነው!» አለ አቶ ፈገግታ።

በዚህ ጊዜ ከፊተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ተነሣች። ሽቶ ነበረች። ማንም አልጠበቃትም።

«ውሸት አይደለም» አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር። «እኔንም አስደርጎኛል። እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። መታ መታውም እንዲሁ ነው።» ከዚያ ወደ ቂሜ ዞረችና «መፈረሚያው የት ነው?» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማናጀሩ ማይኩ ላይ እየጮኸ ሊያቆመው አልቻለም። ሰው ወንበሩን እየገፋ ተነሣ፤ ኬኩ በነበረበት ጠረጴዛ ፊት ተሰለፉ። ከግማሽ በላይ የተባለው ሞልቶ ተረፈ። ክሬም የነካው ጣት ያረፈበት ፊርማ ሁሉ ነበር።

ድርድሩ ብዙ ፈጀ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ጠበቃ ላከ፣ ዛቻ ላከ፣ ኋላም ለሰስ አለ። ሠራተኛ ላይ እጁን ያነሣ መንገደኛ ያን ቀን እንደማይስተናገድ፣ ማንም ሠራተኛ በግድ ይቅርታ እንደማይጠይቅ፣ የመሳፈሪያ በር ላይ ወንበር እንደሚገባ ተፈረመ። ቂሜ ግን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የቀረ አለ። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እኔ በቆምኩበት ቆሞ፣ እሱ ይቅርታ ይጠይቀኝ።»

ጋሽ ጎርናና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ይህ ማኅበር ነው፤ የግል ሂሳብሽን የምታወራርጂበት ቤት አይደለም። የያዝነውን እንዳታስጥይን።»

«ጋሼ፣ ለእርስዎ ማኅበር ነው። እኔን እዚህ ያመጣኝ ያ ሂሳብ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ሌሎቹ ዞሩ። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ጎረቤቴ ቀድማ «ይጠይቃት» አለች። ነፍሰ ጡሯም ቀጠለች፤ አሁን ወልዳ ተመልሳ ነበር። ሽቶ «እኔንም» አለች። ጋሽ ጎርናና እጃቸውን ሰጡ።

እናም አቶ ፈገግታ በዚያ ማረፊያ ክፍል፣ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን በተቀመጡት በቂሜና በሽቶ ፊት ቆመ። ጆሮው ቀልቷል። ያዘጋጀውን ተናገረ፤ በደንብ ያጠናው ነበር። ብዙ ሰው «ያኔ ሳየው አሳዘነኝ» እንድትል ይጠብቃታል። እሷ እስከ ዛሬ እንዲህ አትልም። «ደስ አለኝ» ነው የምትለው፤ «ጠጥቼ እንደረካሁ ያህል ደስ አለኝ።» ሲጨርስ ሽቶ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቂሜ ግን ዓይኑን እያየች «ሰምቻለሁ» አለችው። ይቅር ማለቷን እየጠበቀ ትንሽ ቆመ። ምንም አልጨመረችለትም። ወጥቶ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ፈገግታ ወደ ሌላ ከተማ ጣቢያ ተዛወረ። የሄደ ቀን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ተጨፈረ። ጎረቤቴ ሙዚቃ ከፍታ ቂሜን ለማስወዛወዝ ብትጎትታት እምቢ አለች።

«ምን ሆንሽ አንቺ ደግሞ? ተገላገልነው እኮ!»

«እኛማ ተገላገልነው። እዚያ ያሉትስ?»

ጎረቤቴ ፊቷን አይታ ሙዚቃውን ቀነሰች። «ስለ እነሱ አዝነሽ ነው ወይስ እሱን አልለቅም ብለሽ?»

ቂሜ አሰበችበት። «ሁለቱም» አለች። «አንዱ ከአንዱ አልለይ ብሎኛል።»

ለባሏ ስትነግረው ቀለም የነካ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እስከ የት ድረስ ልትከተይው ነው?» አላት።

«ጡረታ እስኪወጣ።»

ባሏ ሳቀ፤ እሷ ግን ስላልሳቀች እሱም ተወው። የእረፍት ቀኗ ሲደርስ በሠራተኛ ትኬት ወደዚያ ከተማ በረረች። ዩኒፎርም አልለበሰችም፤ እንደ ማንም መንገደኛ ሆና ወደ ካውንተሩ ሄደች። ከወዲያ በኩል ገና ሥራ የጀመረች የምትመስል ወጣት ሴት ነበረች። ድካም የጎተተው ፊቷ ላይ በኃይል የተሰቀለ ሳቅ አለ።

«እንኳን ደህና መጡ እትዬ። ምን ልርዳዎት?»

ቂሜ ቦርሳዋን ካውንተሩ ላይ አኖረችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔን መርዳቱ ይቆየን። አዲሱ ማናጀራችሁ እንዴት ነው?»

የልጅቷ ሳቅ ወረደ። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ከዚያም ወደ ፊት ዘንበል አለች።

«ለምን ጠየቁኝ?» አለች በሹክሹክታ።

«ለሻይ የምትወጪው መቼ ነው?» አለቻት ቂሜ።